ማታ በር ላይ የምናገረው

ሰኞ 7

ጀመርኩ። ሦስት ልጆች በአንድ ቀን! ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ቢሆንም ልጻፍ፤ ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ይምታታብኛል።

ትልቋ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ የማን ነው? ባለቤቱ መጥቶ ቢቆጣንስ?» አለችኝ። የእኔ ነው፤ ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና ነው ስላት አላመነችኝም። ጠበቃዋ ብያታለሁ። ትንሿ ገና ትድሃለች። እናቷ ባንክ ቤት ትሠራለች። ከሩቅ የሚታየው ጉንጯ ብቻ ስለሆነ ጉንጮ ናት። ሦስተኛው ወንድ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አፉን ግን ገና በደንብ አልፈታም። «ውሃ» ይላል፤ «እምቢ» ይላል። እምቢን የሚላት ግን ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ባለሥልጣን ነው። እሱን ሹሙ ብዬዋለሁ። እናቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። ድምፅዋ ከመለስለሱ የተነሣ ሁለቴ ካላስደገምኳት አይሰማኝም። ከሦስቱ እናቶች የወደድኳት እሷን ነው።

የወረዳው ተቆጣጣሪ ቤቴ ልጅ እንድጠብቅ ፈቃዱን ስትሰጠኝ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አብራ ሰጥታኛለች። በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። «የልጁን ውሎ በየዕለቱ ለወላጁ በሐቀኝነት ይንገሩ» የሚለው ላይ በእርሳስ አስምሬያለሁ። ይሄ አይከብደኝም። ሐቅ መናገር ለምጄዋለሁ።

ለልጄ ሥራ መጀመሬን በስልክ ስነግራት «ልጅ ልትጠብቂ? አንቺ?» አለች። ምን ክፋት አለው ብላት «ምንም» አለች። የእሷ «ምንም» እንዲህ ነው፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮ ውስጥ ይቆያል።

በሕይወቴ ልጅ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ተቆጣጣሪዋ ስትጠይቀኝ ዓይኗን እያየሁ ነው የመለስኩላት።

ረቡዕ 9

ቦርሳቸውን ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀልኩ። ረጅም ምስማር ነው፤ ሦስቱንም ቻለ። ዱሮ የባለቤቴ ቀበቶ ነበር የሚሰቀልበት። እሱ ከሞተ ወዲህ ባዶውን ነበር።

ጉንጮ በቆመችበት ተኛች። እውነቴን ነው፤ ወንበሩን ይዛ ቆማ!

ዓርብ 11

ነከሳት!

ሹሙ ጉንጮን ነከሳት። ጀርባዬን የሰጠሁት ድስቱን ለማውረድ ብቻ ነበር። ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ክንዷ ላይ ተጣብቋል። ላላቅቀው ብል አይለቅም፤ አፍንጫውን ያዝ ሳደርገው ነው አፉን የከፈተው። ክንዷ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ቀረች፤ ዙሪያዋ ቀይ ነቁጥ ነቁጥ።

ጠበቃዋ አጠገቤ ቆማ «እኔ አይቼዋለሁ! መጀመሪያ አሻንጉሊቷን ቀማት፣ ከዚያ ገፋችው፣ ከዚያ ነከሳት። እኔ ግን ምንም አላደረግሁም» አለች። ጎበዝ አልኳት። የሚናገር ልጅ ጥሩ ነው።

ሦስቱም እናቶች የሚወርዱት ከአንድ አውቶቡስ ስለሆነ አብረው ነው የሚመጡት። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ማን ማንን እንደነከሰ፣ የትኛውን ክንድ፣ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች። የባንኳ «እግዜር ይስጥልን እትዬ፣ ሌላ ቤት ቢሆን ደብቀውን ነበር» አለችኝ። የሹሙ እናት ይቅርታ ይቅርታ እያለች ልጇን አንስታ ሄደች። እንዴት ያለች ትሑት ናት።

ሰኞ 14

ደግሞ ነከሰ። አሁንም ጉንጮን፤ አሁንም ክንዷን። ማታ ነገርኩ። ልብስ ሰፊዋ «ጥርሱን እንሞርድለት እንዴ?» ብላ ሳቀች። የባንኳ አልሳቀችም። የሹሙ እናት ሳቅ ለማለት ሞክራ ነበር፤ አንገቷ ግን እስከ ጆሮዋ ደም መሰለ።

ማክሰኞ 15

ጊዜ የለኝም። ጠበቃዋን ነከሳት። «ክሱን ዛሬ አቀርባለሁ» አለች። ከየት እንደምታመጣው! ማታ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ሁሉንም ዘርዝራ ጨረሰች። እኔ «ልክ ናት» ብቻ አልኩ።

ሐሙስ 17

ጉንጮን አንዴ፣ ጠበቃዋን አንዴ፣ የወንበሩን እግር አንዴ። ሁሉንም ነገርኩ፤ የወንበሩን እግር ሳይቀር። የባንኳ ለሹሙ እናት «እቤት ምንድን ነው የምታደርጉት ግን?» አለቻት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። የሹሙ እናት «እየሠራንበት ነው» አለች፤ እንደ ተማሪ።

ለእሷ አዘንኩላት። ግን ሐቅ ሐቅ ነው።

ዓርብ 18

 ልጆቹ ሄደው ብቻዬን ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሹሙ ሹራብ ለብሶ መጣ፤ በዚህ ሙቀት። ጠዋት ያመጣው አባቱ ነው። መኪና ጠጋኝ ነው፤ ትከሻው በሩን ሞልቶት ቆመ። «ሹራቡን እንዳያወልቁበት ብላለች እናቱ፤ ብርድ መቶታል» አለኝና ሄደ። ልጁ ወተቱን ደፋበትና አወለቅሁለት።



ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ከላይ ግማሽ ክብ፣ ከታች ግማሽ ክብ፤ ሰማያዊ ሆኗል። መጀመሪያ ጉንጮ መልሳ ነከሰችው ብዬ አሰብኩ። ጉንጮ ያላት አራት ጥርስ ነው! ጠበቃዋን «አንቺ ነሽ?» አልኳት። «እኔ? እኔ ሰው ነክሼ አላውቅም፤ እኔ እናገራለሁ እንጂ» አለች።

እንዲህ የሰፋ የልጅ አፍ የለም። እሱን ለማመን ግን አቃተኝ። ሲተኙ ኩሽና ገባሁ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩና የራሴን ክንድ ነከስኩት። ጠንከር አድርጌ። ከዚያ መጥቼ የተኛውን ልጅ ክንድ ከክንዴ አጠገብ አደረግሁት።

አንድ ናቸው። ትልቅ ሰው ነው።

መጽሐፉ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪዋ ስልክ ይደወል ይላል። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ያንን ትከሻ እያሰብኩ ነበር። ብናገር ማታ ቤት ምን ያደርገዋል?

ማታ እናቱ ስትመጣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነክሶ ነበር። «ደህና ነው የዋለው» አልኳት። ጠበቃዋ አፏን ስትከፍት ትከሻዋን ጫን አልኩት። ዋሸሁ። ከጀመርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የሹሙ እናት ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ልጁን አቅፋ ሳመችው።

እሑድ 20

ልጄ መጣች። በወር አንዴ ትመጣለች፤ ጃኬቷን ታፋዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ መስቀያ አለ ብላትም እሺ አትልም። ሻይ አፈላሁላት።

ለሰው አልነግርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ምልክቱን ነገርኳት።

«ማነው የነከሰው?» አለች።

«አባቱ ነዋ!»

«አየሽው?»

«ማየት አለብኝ እንዴ? እንዲህ የሚያደርግ አባት ነው።»

«እናቱስ?»

«ምስኪን ናት እሷማ። እጇን አታነሳም።»

ልጄ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነው። «እጇን ያላነሳች ሁሉ ምስኪን ናት?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም እማዬ። ለአባትየው የሚነግረው ማነው ብዬ ነው።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ደጃፍ ድረስ ሸኘኋት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ነበር የሚውለው። ማታ ሲገባ ልጃችን ምን ሠርታ እንደዋለች ማወቅ መብቱ ነው። የሚነግረው ሌላ ሰው አልነበረም። ይሄን ልላት አስቤ ነበር፤ አውቶቡሱ መጣባት።

ሰኞ 21

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከምሳ በፊት ነው። ጉንጮ ወደ ሹሙ እየዳኸች ሄዳ ፀጉሩን ያዘችው። ስደርስ ነክሷታል። እሷን አንስቼ ሳባብል አንድ ነገር ከኋላዬ ተሰማኝ። ዞርኩ።

ሹሙ ቆሟል። የሹራቡን እጅጌ በሌላው እጁ እየጎተተ ወደ ላይ ሰበሰበው፤ አልወጣ ሲለው በጥርሱ ረዳው። ከዚያ ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ። ዓይኑን ጨፍኖ።

አላለቀሰም። ከንፈሩን ብቻ ጨምቆ ይጠብቃል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ልጁ ተራውን ነው የሚጠብቀው። ነክሷል፤ አሁን ይነከሳል፤ ከዚያ ያልቃል። እንደ እጅ መታጠብ ነው ያስለመዱት።

 ጠበቃዋ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ምን ስጡኝ ነው የሚለው?» አለችኝ። 

እጅጌውን አወረድኩለት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። መልሶ ሰበሰበው፤ ክንዱን እንደገና ሰጠኝ። መልሼ አወረድኩ። ያኔ ነው ያለቀሰው። ባለመነከሱ አለቀሰ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼም፣ ከአንድ መጽሐፍ አንብቤም አላውቅም።

እስኪተኛ አቅፌው ተቀመጥኩ። ጉንጮ እግሬ ላይ፣ ጠበቃዋ ጎኔ። ድስቱ አረረ።

ማታ «ደህና ዋለ» አልኩ። ነገ እናቱን ለብቻዋ አናግራታለሁ። ምስኪን፣ ባሏን ፈርታ ነው። ቢያንስ እኔ ከጎኗ መሆኔን ትወቅ።

ማክሰኞ 22



ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ኩሽና አስገባኋት። በሩን ገፋ አድርጌ «ልጄ፣ የሹሙን ክንድ አይቻለሁ» አልኳት። ግድግዳውን ተደገፈች። «አይዞሽ፣ አንቺን አይደለም የምወቅሰው። ባልሽን ግን አንድ ሰው ሊያናግረው ይገባል፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ...»

«እሱ አይደለም» አለች። በዚያች ለስላሳ ድምፅ። «እኔ ነኝ እትዬ።»

አስደገምኳት። የሰማሁት ልክ መሆኑን እያወቅሁ አስደገምኳት።

«እሱማ አያውቅም። በር ገጭቶት ነው ብዬዋለሁ። እናቴ ናት ‹አንዴ መልሰሽ ንከሽው፣ ያኔ ይገባዋል፣ አንቺንም እንደዚያ ነው ያስተውኩሽ› ያለችኝ። አንዴ ብቻ አስቤ ነበር። በማግሥቱ ስመጣ ደግሞ ነገሩኝ። በማግሥቱም ደግሞ። በሰው ፊት! ያቺ የባንኳ ሴትዮ እንዴት እንደምታየኝ አይተዋል? እዚህ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ፤ አውቶቡስ ላይ አብረን እንወጣለን፤ አንድ ወንበር ላይ ሆና ፊቷን ታዞርብኛለች። ቤት ስገባ እየነደድኩ ነው የምገባው።»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«የምነክሰው እርስዎ በተናገሩ ቀን ብቻ ነው» አለች። «ደህና ዋለ ባሉኝ ቀን ጫፉን አልነካሁትም። አንድም ቀን። እሱን ሊያምኑኝ ይችላሉ።»

እሱን አመንኳት። መጥፎው እሱን ማመኔ ነው።

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ» አለችና እጄን ያዘችኝ።  ልጁን ይዛ ወጣች።

እኔ የተናገርኩት ያየሁትን ብቻ ነው። አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። በጣቴ አልነካሁትም። ይህን ዛሬ ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት አላውቅም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ረቡዕ 23

አላመጣችውም።

ሐሙስ 24

ዛሬም የለም። ጠበቃዋ «የታሰረ መሰለኝ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋት።

አመሻሹ ላይ አባቱ መጣ፤ የልጁን ቦርሳ ሊወስድ። ጫማው በዘይት ስለጠቆረ ከበሩ አልገባም አለ፤ ምንጣፌ እንዳይቆሽሽ። ያ ትከሻ! ስፈራው የከረምኩት ሰው ይሄ ነው።

«እናቴ፣ ምን አጠፋን?» አለኝ። «ልጁ እዚህ ይወድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ራሱ ያመጣልኝ ነበር። አሁን እሷ ምክንያቱን አትነግረኝም። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ልጁን እኔ ልክ አገባዋለሁ።»

ልክ አገባዋለሁ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ሰዎች የሚናገሩት ነገር ነው። እኔ ግን የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። አባት በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ እኔ አፌን ልከፍት ነው። ይህችን ቦታ አውቃታለሁ። የት ላይ እንደምቆም፣ እጄን ሽርጤ ላይ እንዴት እንደምጠርግ፣ በምን እንደምጀምር ሁሉ አውቃለሁ።

«ልጁ ምንም አላጠፋም» አልኩት። «አሁን የት ነው የሚውለው?»

«አያቱ ዘንድ። የእናቱ እናት ዘንድ። እሷማ ልጅ ማሳደግ ታውቅበታለች።»

ቦርሳውን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠሁት። እስኪርቅ ጠብቄ በሩን ዘጋሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አንቺንም እንደዚያ ነው ያስተውኩሽ» ያለችው አያት ዘንድ! ዝም ብዬ ያዳንኩት መስሎኝ ነበር፤ ዝምታዬ ወደዚያ ነው የላከው።

ብናገር ተነከሰ። ዝም ብል የባሰበት ሄደ። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ?

ዓርብ 25

ጉንጮና ጠበቃዋ ሲተኙ ልብስ ሰፊዋን ከሱቋ በስልክ ጠርቼ አስጠበቅኋቸውና መድኃኒት ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ለተቆጣጣሪዋ ልደውል ነበር። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ሆኖ ቆመ። ከእናትየዋ ጀርባ መናገር አልቻልኩም። ቢያንስ ይሄኛውን ከጀርባዋ አልናገርም።

ነጭ ጋውን ለብሳ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። ለአንድ ሽማግሌ ሽሮፕ እንዴት እንደሚወሰድ ታስረዳቸዋለች፤ ደጋግማ፣ ሳትሰለች። ስታየኝ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ሽማግሌው እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ለተቆጣጣሪዋ ልደውል ነው» አልኳት። «ሳልነግርሽ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እትዬ! ልጄን ይወስዱብኛል።»

«ልጅሽ አሁን ያለው የት ነው?»

ማንኪያውን አንስታ ጠረገችው።

«አንቺን ያስለቀሰችሽ ሴት ዘንድ ነው ያለው» አልኳት። ይህን ማለቴ እኔንም አስደነገጠኝ። እሷ ግን ክንዷን፣ የራሷን ክንድ፣ በሌላው እጇ ሸፈነችው። ምልክት እንኳ የለበትም እኮ፤ ስንት ዓመቱ ነው።

«ስትመጣ እኔም እኖራለሁ» አልኳት። «አንቺ ያደረግሽውን ብቻ አይደለም የምናገረው። በር ላይ የምናገረውንም እናገራለሁ።»

«እርስዎ ምን አደረጉ?» አለች። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

ሌላ ሰው ገባ። ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ደወልኩ፤ በመስታወቱ እያየችኝ።

ማክሰኞ 29

ተቆጣጣሪዋ መጣች። እናትየዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ለባሏም ትናንት ማታ ራሷ ነግራዋለች። ዓይኗ አብጧል። ምን እንዳለ ስጠይቃት «ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፤ ቆይቶ ተመለሰና ልጁን ከእናቴ ቤት አመጣው» አለችኝ።

እናትየዋ ሳትሸሽግ ተናገረች። ተቆጣጣሪዋ ትጽፋለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ለወላጆች የሚነግሩት የት ሆነው ነው?»

«በሩ ላይ ነዋ።»

«ማን ፊት?»

«ሁሉም ባሉበት። ምን የሚደበቅ አለው?»

«ልጁስ?»

«እናቱ አቅፋው...» አልኩና ቆምኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ልጁ ክሱን በየቀኑ ሲሰማ ነው የከረመው» አለች። «ውሎ መንገር ማለት ቤት ሲገባ የሚጠብቀውን ነገር ማሰናዳት አይደለም። እርስዎ የሚነግሩን እንድንረዳው ነው።»

የሚጠብቀውን ነገር ማሰናዳት። ይህች ልጅ የእኔን ልጅ የምታህል ናት። ከየት አመጣችው? ከልጄ ጋር ተገናኝተው አያውቁም።

የወሰነችው ይህ ነው፤ ሹሙ ወደ እኔ ይመለስ፣ አያቱ ዘንድ ብቻውን አይዋል፣ እሷ በየሳምንቱ እየመጣች ታያለች፣ እናትየዋም እሷ ዘንድ እየሄደች ትነጋገራለች። ዳግም ምልክት ከታየ ግን ጉዳዩ ከእጇ ይወጣል። ለእኔም ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ፈረምኩ። ፊርማዬ ዛሬም እንደ ጀማሪ ተማሪ ነው።

ሐሙስ 1

የባንኳ ጉንጮን ወሰደቻት። «እርስዎን ጠልቼ አይደለም፤ ከሱ ጋር ግን አንድ ቤት አላስቀምጣትም» አለች። እቃዋን ሳስረክባት ጉንጮ ቀሚሴን ጨብጣ አልለቀቀችኝም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ጠበቃዋ «ማነው የተናገረባት?» አለች። ማንም አልተናገረባትም አልኳት። «ታዲያ ለምን ሄደች?»

ዓርብ 2

ልጄ ደወለች። እሷ! በሥራ ቀን።

«እና ምን አደረግሽ?»

«ለተቆጣጣሪዋ ነገርኩ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«መጀመሪያ ግን ለራሷ ነገርኳት» አልኩ። «ለእናትየዋ። ሄጄ ልናገር ነው አልኳት።»

«መጀመሪያ ለራሷ» አለች ልጄ። ቃሉን ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ትኩስ ነገር እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋች።

ትንፋሽዋ ልክ አልነበረም። ጉንፋን ይሆናል።

ሰኞ 5

ሹሙ ተመለሰ። ክንዱ ጠርቷል። ጉንጮን በየክፍሉ ፈለጋት፤ ከአልጋው ሥር ሳይቀር። አጥቷት መጣና ፊቴ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ ባዶ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። የለችም ማለቱ ነው። ኩሽና ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ሐሙስ 8

ጠበቃዋን ነከሳት። በቀስታ። እንደነከሳት እጅጌውን ያዘ። አልሰበሰበውም፤ ያዘው ብቻ፤ እኔን እያየ። «አመማት» አልኩት። «አመማ» አለ። አዲስ ቃል! ጠበቃዋ የተነከሰችውን ረስታ «ተናገረ! ተናገረ!» እያለች ዘለለች።

ማታ ለእናቷ «ነክሶኛል፤ ግን ተናገረ» አለቻት። እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አልነግርም ነበር።

ሐሙስ 15

ዛሬ የሹሙ እናት ዘግይታ መጣች። ሌላ ወላጅ የለም፤ ጠበቃዋ ሄዳለች። በሩ ላይ ቆመች። ከተመለሰ ወዲህ «እንዴት ዋለ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ልጁን ተቀብላ ዓይኗን ሰብራ ነው የምትሄደው። ዛሬ ጠየቀችኝ።

ነክሶ ነበር። ጠበቃዋን አይደለም፤ እኔን፤ እጄን፤ ጫማውን ሳስርለት። «ደህና ዋለ» ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳት። ሌላኛዋም መጣች፤ መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ የምትለዋ፤ እሷንም ዋጥኳት።

«ግቢ» አልኳት። «ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂ።»

ገባች። ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ እስክትጨርስ አልተናገርኩም። ልጁ ቁልፏን እየነካካ ቆይቶ እንቅልፍ ጣለው። ከዚያ በጆሮዋ «ዛሬ ነክሷል። እንቅልፍ መጥቶበት ነበር፤ እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ» አልኳት።

እጇ የልጁ ጀርባ ላይ ቀጥ አለ። አየኋት። እሷም እንዳየኋት አየች። ቀስ ብሎ እጇ ላላ፤ እንደገና ጀርባውን ማሻሸት ጀመረች።

«ትንሽ ልቆይ?» አለች።

«እስኪበርድልሽ ቆዪ። ሌሊቱንም ቢሆን።»

መሸ። መብራት አላበራሁም፤ ልጁ እንዳይነቃ። እግሯ እንደደነዘዘ ነገረችኝ፤ አትንቀሳቀሺ አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ በአፍንጫችን፣ ድምፅ ሳናወጣ።

ቆይታ «እትዬ፣ እርስዎ ግን ልጅዎ ሲያጠፋ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች። «መቼም አይመቱም ነበር። ያስታውቃሉ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ተዘጋጅቶ ስንት ዓመት የኖረ መልስ ነው፤ ለሰው ሁሉ የምሰጠው። ልጁን አየሁ። አፉ ተከፍቷል፤ ትንንሽ ጥርሶቹ ይታያሉ።

«እነግር ነበር» አልኳት።

«ለማን?»

ልጁ ተገላበጠ። እናቱ ትንፋሽዋን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። ተመልሶ እስኪተኛ ጠበቅን። ከዚያ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁና ነገርኳት፤ ለልጄ አባት መሆኑን፣ እሱም ቀበቶውን ከምስማሩ ያወርድ እንደነበር።